ቀዳዳ የሌለው ኳስና ልኩን የያዘው ካርድ

የቦውሊንግ ኳስ ከፋብሪካ ሲወጣ የጣት ማስገቢያ የለውም። ክብና ድፍን ሆኖ በካርቶን ታሽጎ ሱቅ ይደርሳል፤ ቀዳዳ የሚወጣለት የሚጫወትበት ሰው ታውቆ፣ እጁ ተለክቶ ካበቃ በኋላ ነው። ከአዳራሽ መደርደሪያ ላይ ኳስ አንስቶ መወርወር ብቻ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። የመደርደሪያው ኳስ ለመጣው ሁሉ ተብሎ የተበሳ ስለሆነ ለአንዱም በትክክል አይገጥምም። በአዲስ አበባ የመዝናኛ ማዕከላት የተጫወተም፣ ወጣቶች ፒኖቹን በእጅ በሚያቆሙበት በአስመራው አሮጌ አዳራሽ የወረወረም የሚያውቀው ይህንኑ የጋራ ኳስ ነው። ብዙ ሰው «ቦውሊንግ አይሆንልኝም» ብሎ የሚተወው በጨዋታው ሳይሆን በዚህ ኳስ ተማሮ ነው።

የራስ ኳስ የሚበሳው ፕሮ ሾፕ በሚባል ሱቅ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ በአዳራሹ አንድ ጥግ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከፊት ኳስ፣ ጫማና ቦርሳ ይሸጥባታል፣ ከኋላ መሰርሰሪያ ማሽን ይጮኽባታል። የገባ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ባለቀለም ኳሶች ነው። የሱቁ ትልቁ ሀብት ግን ከባንኮኒው ሥር ያለው የካርድ ሣጥን፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የደንበኞች ፋይል ነው። ኳስ ከየትም ይገዛል፤ የአንድ ሰው የእጅ ልክ ግን ከተለካበት ሱቅ በቀር የትም አይገኝም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የደንበኞቹን ልክ በደብተሩ ይዞ እንደሚኖር የኳስ ባለሙያውም በዚህ ፋይል ይኖራል። ልዩነቱ፣ የተሳሳተ ስፌት በቀላሉ ተተርትሮ ይሰፋል፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ግን በፈሳሽ ሬዚን ተሞልቶ፣ እስኪጠነክር ተጠብቆ፣ ተላግቶ ነው እንደገና የሚበሳው።

በእያንዳንዱ ደንበኛ ካርድ ላይ ስም፣ ስልክ፣ እጁ ቀኝ ይሁን ግራ፣ የኳሱ ስምና ክብደት (ከፍተኛው 16 ፓውንድ ነው፣ 7.26 ኪሎ ገደማ)፣ የተበሳበት ቀን ይጻፋል። አያያዙም ይመዘገባል፦ ጣቶቹ እስከ ሁለተኛው አንጓ የሚገቡበት ለጀማሪ የሚመከረው አያያዝ፣ ወይም እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ የሚገቡበት፣ ኳሱን በደንብ ለማሽከርከር የሚያስችለው አያያዝ። ይህን ያህሉን ማንም ይመዘግባል። ችግሩ ከዚህ በታች ባሉት መስመሮች ይጀምራል።

ስፓን የሚባለው በአውራ ጣቱ ቀዳዳና በሌላው ጣት ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ነው። ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ለየብቻ፣ የኳሱን ጉብታ ተከትሎ በሚተጣጠፍ ማስመሪያ ይለካል። አብዛኛው ተጫዋች ስፓኑን እንደ ጫማ ቁጥሩ በቃሉ ይዞታል፤ «የእኔ 4 ከ3/8 ኢንች ነው» ይላል በኩራት። ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ቁጥሩን ሰምተው ካርዱ ላይ ያሰፍራሉ፣ ከዚያም ልኩን አገኘን ብለው ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ። በሙያው ውስጥ የዚህን ያህል ጉዳት የሚያደርስ የተሳሳተ እምነት የለም። ስፓን ከየት እስከ የት እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው አንጓ የሚይዝ ተጫዋች ጣቱ ከኳሱ ጋር በቀጥታ አይነካካም። የጣት ቀዳዳዎቹ ሰፋ ተደርገው ይበሱና ኢንሰርት የሚባል ለስላሳ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ በውስጣቸው ይለጠፋል፤ ጣቱ የሚገባው ቱቦው ውስጥ ነው። ስለዚህ የጣት ቀዳዳው ሁለት ጠርዝ አለው ማለት ነው። አንዱ መሰርሰሪያው በኳሱ ላይ የቆረጠው ጠርዝ ነው፤ ሁለተኛው ጣቱ የሚያርፍበት፣ የኢንሰርቱ የውስጥ ጠርዝ ነው። በሁለቱ መካከል የቱቦው ግድግዳ አለ። አንዱ ሱቅ እስከ ቁርጡ ይለካል፣ ሌላው እስከ ኢንሰርቱ ውስጥ ድረስ ይለካና ሙሉ ስፓን ይለዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ግን በካርዳቸው ላይ «ስፓን» ብለው ብቻ ይጽፋሉ።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ቀላል አይደለም። ለኢንሰርት የሚበሳው የተለመደ ቀዳዳ 31/32 ኢንች ነው። የተጫዋቹ ኢንሰርት ክብ ሆኖ የውስጥ ስፋቱ 11/16 ቢሆን ግድግዳው በእያንዳንዱ ጎን 9/64 ኢንች ይሆናል፤ ከአንድ ስምንተኛ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ ደንበኛው ከተማ ለውጦ ወደ አዲስ ሱቅ ሄደ እንበል። አሮጌው ሱቅ በስልክ 4 ከ3/8 ብሎ ነገረው፤ የተለካው ግን እስከ ኢንሰርቱ ውስጥ ነበር። አዲሱ ባለሙያ ቁጥሩን የቁርጥ ልክ አድርጎ ወሰደና በሳ። ኢንሰርቱ ሲገባ የሰውየው ጣት ያረፈው 4 ከ33/64 ላይ ነው፤ ከአራት ኢንች ተኩል አለፈ ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ኢንች እየጨመረና እየቀነሰ በሚያስተካክልበት ሥራ፣ ይህ ከአራት እጥፍ በላይ ስሕተት ነው።

እጅ ይህን ወዲያው ይናገራል። ስፓን ሲረዝም መዳፍ ይለጠጣል፣ አውራ ጣት ከቀዳዳው በጊዜ አይለቅም፣ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፤ ቆይቶም ሕመሙ ወደ አንጓና ወደ ጅማት ይወርዳል። ሲያጥር ደግሞ ኳሱ የሚሾልክ ስለሚመስለው ተጫዋቹ ጨምቆ ይይዛል፣ የጨመቀ እጅ ደግሞ በነፃነት አይወዛወዝም። አሳዛኙ ነገር፣ ተጫዋቹ ጥፋቱን የሚፈልገው አወራወሩ ላይ ነው። እርምጃውን ይለውጣል፣ አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ኳሱን በቀላል ይቀይራል። ስሕተቱ ካርዱ ላይ አንድ ቃል ሳይጻፍ የቀረበት ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ያው ደንበኛ ጣቱ ቀጥኖ ከ11/16 ወደ 5/8 ኢንሰርት ቢወርድ የቱቦው ግድግዳ ከ9/64 ወደ 11/64 ይወፍራል። የቁርጡ ልክ ሳይነካ ጣቱ የሚያርፍበት ርቀት በአንድ ሠላሳ ሁለተኛ ረዘመ። «ኢንሰርት ብቻ ነው የቀየርነው፣ ስፓኑን አልነካንም» የሚል ባለሙያ ሳያውቀው ስፓኑን ነክቷል። አንዳንድ ኢንሰርት ደግሞ ቀዳዳው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ጣቱን ለመደገፍ በአንድ ወገን ሆን ተብሎ እንዲወፍር ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ ስፓን በተጻፈበት መስመር ላይ የኢንሰርቱ ሠሪ፣ ዓይነትና ቁጥር አብሮ ካልሰፈረ መዝገቡ ግማሽ ነው። ካርድ ለሚያሳትም ወይም የደንበኛ ፋይል ለሚያዘጋጅ ሱቅ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ይነሳል፦ ለስፓን አንድ ሳይሆን ሁለት ሣጥን ይኑር፣ አንዱ የቁርጥ፣ አንዱ የሙሉ።

ከስፓን ቀጥሎ ፒች አለ፤ ቀዳዳው ወደ ኳሱ እምብርት ቀጥ ብሎ ይውረድ ወይስ ያጋድል የሚለውን የሚወስነው ልክ ነው። የአውራ ጣት ቀዳዳ ወደ መዳፍ ሲያዘነብል ኳሱ በእጅ ላይ ይቆያል፤ ከመዳፍ ሲርቅ ቶሎ ይለቃል። ወደ ጎንም ያጋድላል። እዚህም ያው የአጻጻፍ ችግር አለ፦ አንዱ «ቀኝ፣ ግራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ከመዳፍ ሥር፣ ከመዳፍ ውጭ» ይላል። ለቀኝ እጅ ሰው ከመዳፍ ሥር የሆነው አቅጣጫ ለግራ እጅ ሰው ከመዳፍ ውጭ ነው። የግራ እጅ ተጫዋቾች የሚያማርሩት በከንቱ አይደለም።

አውራ ጣትን በተመለከተ ደንበኞችም ሊወቀሱ ይገባል። ጣት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በብርድ ይኮማተራል፣ ጥቂት ጨዋታ ከተወረወረ በኋላ ያብጣል። ይህን እያወቁ ከመኪናቸው ወርደው፣ እጃቸው ሳይሟሟቅ፣ «ቶሎ ለካኝ፣ እቸኩላለሁ» የሚሉ አሉ። የጓደኛውን ኳስ ይዞ መጥቶ «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» የሚልም አለ፤ የሰው እጅ ተበድሮ የሚጫወት ይመስል። ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ መለካት፣ ከተቻለም በሌላ ቀን ደግሞ መምጣት ነው ያለው። ባለሙያው ሁለቱንም ልክ መዝግቦ ቀዳዳውን ላበጠው ጣት ይበሳል፣ ጣቱ ሲሟሽሽ የሚለጠፍ ቴፕ ይሰጣል። ጣቱ በጣም የሚለዋወጥ ከሆነ ተሽከርክሮ የሚወልቅ የአውራ ጣት መያዣ ይገጥማል፤ ተጫዋቹ ሁለት ስፋት ያላቸውን ይዞ እንደ ጣቱ ሁኔታ ይቀያይራል።

ከእጅ ልክ ሌላ ካርዱ የአወራወሩንም ልክ ይይዛል። የመጫወቻው ወለል ዘይት ይቀባል፤ ኳሱ ሲሽከረከር ዘይቱ በላዩ ላይ ቀለበት ይተዋል። ባለሙያው ቀለበቱን ተከትሎ ኳሱ የሚሾርበትን ዘንግ ጫፍ ያገኛል፣ ከመያዣ ቀዳዳዎቹ መሃል ተነስቶም «5 ኢንች ወደ ጎን፣ 1/2 ወደ ላይ» እያለ ይመዘግበዋል። በኳሱ ውስጥ የተቀበረው ከባድ እምብርት ከዚህ ነጥብ ምን ያህል ይራቅ የሚለው የኳሱን አካሄድ ይለውጣል። የኳሱ ዙሪያ 27 ኢንች ገደማ ስለሆነ ርቀቱ ከዜሮ እስከ 6 ከ3/4 ይደርሳል፤ እኩሌታው፣ 3 ከ3/8፣ ዘንጉ በጉዞ ላይ በብዛት የሚዋልልበት ነው። በፈረንጆች 2021 ያረፈው አሜሪካዊው የኳስ ንድፍ ሊቅ ሞ ፒኔል ይህን ሁሉ በአንድ ርቀትና በሁለት ማዕዘን የሚገልጽ ዘዴ ለሙያው ትቷል። ብዙ ተጫዋች የሚያወራውና የሚከራከረው በዚህ ነው። እጁ ላይ ያልተመቸ ኳስ ግን እምብርቱ የትም ቢሆን በአንድ ዓይነት አወራወር አይወረወርም።

ደንብ ሲለወጥ ካርድ ያረጃል። የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ከነሐሴ 2020 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ለሚዛን ብቻ የሚበሳውን ተጨማሪ ቀዳዳ ከለከለ፤ በኳሱ ላይ ለመያዣ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ በእያንዳንዱ ውርወራ ጣት ሊገባበት ይገባል አለ። ከዚያ በፊት የተሞላ ካርድ ላይ የሚዛን ቀዳዳ ልክ ሰፍሮ ይገኛል፤ እሱን አይቶ እንደወረደ የሚገለብጥ ሰው ለደንበኛው ውድድር ላይ የማይፈቀድ ኳስ ያስረክበዋል። እንደ አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ አውራ ጣታቸውን ሳያስገቡ በሁለት እጅ የሚወረውሩትንም ደንቡ ይነካል፤ ኳሳቸው ላይ የአውራ ጣት ቀዳዳ ካለና ካልተጠቀሙበት ጥፋት ነው። ለእነሱ ካርዱ ላይ የአውራ ጣት መስመር ባዶ መተው አይበቃም፤ «አይበሳም» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ባዶ መስመር ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ብዙ ሱቅ የወረቀት ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር እያዛወረ ነው፣ ደግም ያደርጋል። ቀድሞ የተበሳው ኳስ ሁሉ በቀን ተደርድሮ ይታያል፣ የእጁ ልክ በዓመታት እንዴት እንደተለወጠ ይነበባል። ሲዛወር ግን አሮጌው ልክ ተደምስሶ አዲሱ ብቻ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ነው፤ አዲሱ ልክ ካልተስማማ መመለሻው አሮጌው ነው። ካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫሩ ማስታወሻዎችም አሉ፦ «ክረምት ላይ አንድ ቴፕ»፣ «የቀለበት ጣቱ ተሰብሮ ያውቃል፣ ሙሉ አይታጠፍም»። የኮምፒዩተሩ ቅጽ ለእነዚህ ሣጥን የለውም። ካርዱን ፎቶ አንስቶ ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ደንበኛውም የካርዱን ቅጂ ይጠይቅ። ሱቅ ይዘጋል፣ ባለሙያ ጡረታ ይወጣል፣ ሰው ከተማ ይለውጣል። ልኩን መስጠት የሚያቅማሙ ሱቆች ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄድብናል ብለው ይሰጋሉ፤ እጁ ግን የእሱ ነው፣ ልኩም የእሱ። ቅጂው ሲሰጠው ስፓኑ እስከ ቁርጡ ወይስ እስከ ኢንሰርቱ እንደተለካ መጻፉን እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆሞ ያረጋግጥ፤ ካልተጻፈ የለካው ሰው እዚያው ስላለ ወዲያው ይሞላለታል።