ስክሪን ላይ ያማረው ስላይድ ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

የሳይንስ ክበባችሁ ዓመቱን ሙሉ ያቀረባቸውን ስላይዶች ሰብስባችሁ መጽሔት ልታደርጓቸው አሰባችሁ እንበል። ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ስላይድ እንደ ፎቶ ሴቭ አድርጎ እንደ ኢንዲዛይን ወይም በነፃ እንደሚገኘው ስክራይበስ ባለ የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ መለጠፍ ይመስላል። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ታትሞ ሲመጣ ግን የፊደሉ ጠርዝ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። የኅትመቱ ብር ደግሞ ወጥቷል!

ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ እንየው። ፓወርፖይንት 16 በ9 የሆነ ስላይድን ወደ ፎቶ ሲቀይር፣ ማስተካከያውን ካልነካችሁት በቀር ወደ ጎን 1280 ፒክስል ብቻ ይሰጣችኋል። የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 8.27 ኢንች ገደማ ነው። 1280ን ለ8.27 ስታካፍሉት በአንድ ኢንች 155 ፒክስል ገደማ ይደርሳችኋል። ለጥሩ ኅትመት የተለመደው ልክ ግን 300 ነው። ሶፍትዌሩ ፎቶውን ቢለጥጠውም የጎደለውን መረጃ አያመጣውም።

ሌላም ጉዳት አለ። ስላይዱ ውስጥ «ሀ» የተቀመጠው በቁጥር ነው፤ በዩኒኮድ 4608 ይባላል። ቅርጹን ፎንቱ በፈለጋችሁት መጠን አዲስ አድርጎ ይስለዋል። ፎቶ ሲሆን ግን የቀለም ነጥቦች ክምችት ብቻ ይሆናል። ማረምም ሆነ በሁለት ዓምድ መደርደር አትችሉም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ክፍሎቹን ለየብቻ አውጧቸው።

ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ኮፒ አድርጉት። ለፎቶዎቹ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፤ የፒፒቲኤክስ ፋይል በእርግጥ የዚፕ ጥቅል ነው። የፋይሉን ኮፒ ወስዳችሁ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሩና ክፈቱት። «ፒፒቲ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» የሚል አለ፤ ፎቶዎቹ እዚያ ተቀምጠዋል። ፓወርፖይንት ሴቭ ሲያደርግ ፎቶ ሊያሳንስ ስለሚችል፣ ዋናው በእጃችሁ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ግራፎችን በፒዲኤፍ አውጧቸው፤ መስመሮቻቸው እንደ መስመር ስለሚቆዩ ሲያድጉ አይደበዝዙም።

አንድ ነገር ግን ከፋይሉ ውስጥ አታገኙም። ስላይድ ላይ ሦስት ቃል የሚበቃው ቀሪውን ተናጋሪው ስለሚያብራራው ነው። መጽሔቱን የሚያነብ ሰው ግን ተናጋሪ የለውም። ስለዚህ ገጹን ከማቀናበራችሁ በፊት አጫጭር ነጥቦቹን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀይሯቸው። ይህን ሥራ ሶፍትዌሩ አይሠራላችሁም፤ የእናንተ ነው።