የማርያም መቀነት ያልሆኑ ቀለሞች

ክረምት ላይ ጉርድ ሾላ አስፋልቱ ዳር ኩሬ ሲጠራቀም ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም ይንሳፈፍበታል። «የፈሰሰው ናፍጣ ቀለም ነው» የሚል አይጠፋም። ናፍጣው ውስጥ ግን ሐምራዊ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ላይ የተዘረጋው የቅባት ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ ብርሃን ከላይኛው ፊቱም ከሥሩም ይንጸባረቅና ሁለቱ ሲገናኙ አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያደበዝዛሉ። ጎንበስ ሲሉበት ቀለሙ የሚቀያየረው ለዚህ ነው።

«ታዲያ የማርያም መቀነትም እንዲሁ አይደለም?» አይደለም። እሷ የምትታየው የፀሐይ ብርሃን የዝናብ ጠብታ ውስጥ ገብቶ ሲታጠፍና ሲመለስ፣ ፀሐይም ከኋላችን ስትሆን ነው። ጉርድ ሾላ ሆኖ አመሻሽ ላይ የሚፈልጋት ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አያት ሰፈር ማዞር አለበት።

ማደናገሩን ቋንቋም አግዞታል። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ተለዋዋጭ ቀለም «ኢሪደሰንት» የሚሉት ከኢሪስ፣ ከግሪኮች የቀስተ ደመና አምላክ፣ ወስደው ነው። ከዓይን «አይሪስ» የተወሰደ የሚመስላቸው አሉ፤ የዓይኑም ስም የመጣው ከዚያው ነው። በ1803 እ.ኤ.አ. ስሚዝሰን ቴናንት ያገኘው ኢሪዲየምም ብርማ ነጭ ብረት ነው፤ ስሙን ያተረፈለት የጨዎቹ ኅብረ ቀለም ነው። የእኛ «አብረቅራቂ» በበኩሉ ለወርቅም ለመስተዋትም ስለሚሆን፣ እኔ አይበቃኝም።

እንዲህ ያለው ቀለም ላባ ላይም አለ፦ እንጦጦ ላይ አበባ የምትቀስም፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራች ትንሽ ወፍ አለች። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ይሆናል። ላባው ቢፈጭ ሐምራዊ ዱቄት አይወጣውም።

ኪስ የሚጎዳው ግን ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወራው ነው፦ «ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ ከጠፋ ሐሰተኛ ነው።» በ2008 እ.ኤ.አ. ወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ለተገኘው ኦፓል ቀለሙን የሚሰጡት በሥርዓት የተደረደሩ ደቃቅ የሲሊካ ሉሎች ናቸው። ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል፤ በሉሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ እንደ መስተዋት ጥርት ይልና ቀለሙ ይደበዝዛል። ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ እጅ ስትታጠብ ቀለበቷ የደበዘዘባት ሙሽራ ወደ ሻጩ መሮጥ አይጠበቅባትም፤ ጥላ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ትተወው። እሳት ዳር ለማድረቅ መቻኮል ሊሰነጥቀው ይችላል። ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራው ቅባትና ሽቶ ነው፤ ድንጋዩ እነሱንም ይመጥጣል፣ እንደ ውሃው ግን በቀላሉ አይለቃቸውም።