ከጡት ነቀርሳ በኋላ የአኗኗር ለውጥ ዕድሜን ያስረዝማልን?



ከዋግ ደጋ፣ ከሰቆጣ አካባቢ፣ አንዲት ሴት በጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ለሕክምና ወደ ትልቅ ከተማ ስትመጣ፣ ብዙ ጊዜ የምታርፈው በመንግሥት ሥራ ላይ በሚገኝ ልጇ ወይም ወንድሟ ቤት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተፈጸመ በኋላም፣ «እንግዲህ ምን ልብላ? ምንስ ልተው? ዕድሜዬ እንዲረዝም አኗኗሬን እንዴት ልለውጥ?» ብላ የምትጠይቀው ይህንኑ ዘመዷን ነው። ተጠያቂዎቹ እናንተ ስለ ሆናችሁ፣ ዛሬ ስለዚሁ ጥያቄ እንነጋገራለን።

በመጀመሪያ ስለ ምግብ እንመልከት። በአሜሪካ ለጡት ነቀርሳ የታከሙ 3,088 ሴቶች በሁለት ክፍል ተመድበው፣ አንደኛው ክፍል አትክልትና ፍራፍሬ እጅግ አብዝቶ ስብ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ሁለተኛው ግን የተለመደው የጤና ምክር ብቻ ተሰጠው። ከ7 ዓመት ክትትል በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳስረዳው፣ በበሽታው መመለስም ሆነ በሞት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ጎመንና ምስር ለሰውነት መጥቀማቸው ባይካድም፣ ነቀርሳን የሚያባርር ልዩ ምግብ አለ ብሎ ለሕመምተኛ መንገር አይገባም።

ስለ እንቅስቃሴ የተገኘው ማስረጃ ከዚህ ይሻላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ በሽታ ያገኛቸውን 2,987 የአሜሪካ ነርሶች ተከታትሎ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት በእግራቸው የሚሄዱት ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ በዚህ በሽታ የሚሞቱት በቍጥር ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይሁን እንጂ ጤናው የበረታ ሰው ብዙ መሄዱ የታወቀ ነውና፣ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው የእግር ጕዞ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሲጋራን መተው ግን ለማንኛዋም ታካሚ እንደሚጠቅም አያጠራጥርም።

ይህ የመንቀሳቀስ ምክር ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ተቀምጣ ለምትውል ሴት የተገባ ነው። የዋግ ሴት ግን ዳገት መውጣትና ቍልቍለት መውረድ የዕለት ሥራዋ ነው። ለእርስዋ የሚያስፈልገው የአኗኗር ለውጥ፣ ቍስሏ እስኪሽር ድረስ እንስራውንና ማገዶውን የሚሸከምላት ሰው ማግኘት፣ በቂ ምግብም መመገብ ነው። በጾም ወራት ሰውነቷ የደከመ እንደ ሆነ፣ ሐኪሟንና የነፍስ አባቷን ብታማክር መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ሕክምናን ሳያቋርጡ መፈጸም ነው። ነቀርሳው በሴት ሆርሞን ኀይል የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ ሐኪሞች ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን በየቀኑ እንድትውጥ ያዝዛሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ክኒኑን ለ5 ዓመት መውሰድ በ15 ዓመት ውስጥ የሚደርሰውን የዚህን በሽታ ሞት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ሕመሙ የጠፋ ሲመስላት፣ ወይም መድኃኒቱ አልቆ መንገዱ ሲርቅባት፣ ታካሚዋ ክኒኑን ልታቆም ትችላለች። ዕድሜዋ የሚያጥረውም እንዲህ በመሰለው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር በጊዜ መምጣት ነው። ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የታከሙ 1,070 ሴቶች በተጠኑ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ እንደ ነበረ ታውቋል። እብጠቱ በመጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ችላ ይባላል። ስለዚህ የማያም እብጠትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር በሰቆጣ በሚገኘው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መታየት አለበት።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ዘመዳችሁ ስትጠይቃችሁ እንዲህ ብላችሁ መልሱላት፤ «ያገኘሽውን መልካም ምግብ ብዪ፤ ዐቅምሽ በፈቀደ መጠን ተንቀሳቀሺ፤ ክኒንሽን ግን አንድ ቀን እንኳ አትዝለዪ።» ከዚህም በኋላ የቀጠሮዋን ቀን በማስታወሻችሁ ጻፉ፤ መድኃኒቷም ከማለቁ በፊት ገዝታችሁ በታመነ መንገደኛ ላኩላት። ይህ የእናንተ ትጋት ከማናቸውም የምግብ ምክር ይልቅ ዕድሜዋን ይጠብቅላታል።