የጥቅም ግጭት በወረዳ መሥሪያ ቤቶች፡- ሕጉ ምን ይላል? ክፍተቱስ የት ነው?

በአንድ ወረዳ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ አለ እንበል፡፡ ደመወዙ የቤት ኪራዩን ከፍሎ ስለማይተርፈው ማታ ማታ ለግለሰቦች የቤት ፕላን ይነድፋል፡፡ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ማታ የነደፈው ፕላን እንዲገመግመው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፡፡ ጉቦ አልተቀበለም፡፡ ፕላኑም ጉድለት የሌለበት ሊሆን ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ ፕላኑን ውድቅ ቢያደርገው የሚጎዳው የራሱ ኪስ ነው፡፡ ፕላኑን በሌላ ሰው አሠርቶ ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ደግሞ ይህን ሲያውቅ በጽሕፈት ቤቱ ላይ የነበረውን እምነት ያጣል፡፡

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የወረዳው የግዥ ኮሚቴ አባል የሆነች ሠራተኛ ለጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ከቀረቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች አንዱ የባሏ ወንድም ሱቅ መሆኑን ታውቃለች፡፡ ዋጋውም ዝቅተኛው ነው፡፡ ዝም ብላ ትፈርማለች፡፡ ወይም ደግሞ በምክር ቤት የተመረጠ አንድ ነጋዴ የራሱ ሱቅ የሚገኝበትን አካባቢ መልሶ ማልማት በሚመለከት ድምፅ ይሰጣል፡፡

በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች እስካሁን የተሰረቀ ገንዘብ የለም፡፡ የተፈጠረው ነገር የጥቅም ግጭት ይባላል፡፡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ባለሥልጣን በኃላፊነቱ ለሕዝብ ሊሠራው የሚገባው ሥራና የግል ጥቅሙ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲገናኙ፣ የግል ጥቅሙ ውሳኔውን ሊያዛባው የሚችልበት ሁኔታ ማለት ነው፡፡ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጥቅም ግጭትን በሦስት ከፍሎ ያየዋል፡፡ አንደኛው አሁን በተጨባጭ ያለ፣ ሁለተኛው ለተመልካች ያለ የሚመስል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሠራተኛው ወደፊት ኃላፊነቱ ሲቀየር ሊፈጠር የሚችል ግጭት ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ፡፡ ሙስና ድርጊት ነው፣ የጥቅም ግጭት ግን ሁኔታ ነው፡፡ ዘመድ ያለው፣ ንግድ ያለው ወይም ቀደም ሲል በግል ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የጥቅም ግጭት ሊገጥመው ይችላል፡፡ ግጭቱ ስለገጠመው ብቻ ጥፋተኛ አይባልም፡፡ ጥፋቱ የሚጀምረው ግጭቱን ደብቆ በጉዳዩ ላይ ሲወስን ነው፡፡

ሕጎቻችን ምን ይላሉ?

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ከዚህ በታች ያሉት ሕጎች በተለያየ ጊዜ የወጡና በተለያየ ቦታ የተበተኑ ናቸው፡፡

ቀዳሚው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ነው፡፡ አዋጁ የፌዴራል መንግሥትን፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችን ይመለከታል፡፡ ተሿሚዎችና የምክር ቤት ተመራጮች ብቻ ሳይሆኑ ከዳይሬክተር ጀምሮ ያሉ ኃላፊዎች፣ ፈቃድ በመስጠት፣ በቁጥጥር፣ በግብር ውሳኔና አሰባሰብ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ፖሊሶች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡና በየሁለት ዓመቱ እንዲያድሱ ያስገድዳል፡፡ የአዋጁ አንዱ ዓላማ በመንግሥት ኃላፊነትና በግል ጥቅም መካከል የሚፈጠርን ግጭት መከላከል ነው፡፡ ስጦታን፣ መስተንግዶንና ወጪው በሌላ ወገን የሚሸፈን ጉዞንም ይመለከታል፡፡

ሁለተኛው የወንጀል ሕጉ ነው፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሥልጣንን ያላግባብ መገልገልን፣ ጉቦንና የማይገባ ጥቅም መቀበልን በወንጀልነት የደነገገ ሲሆን፣ እነዚህ ድንጋጌዎች በ2007 ዓ.ም. በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተተክተዋል፡፡

ሦስተኛው የግዥ ሕግ ነው፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 በግዥ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ያጋጠማቸውን ወይም ሊያጋጥማቸው የሚችለውን የጥቅም ግጭት እንዲያሳውቁ ያዝ ነበር፡፡ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል፡፡

አራተኛውና ብዙ ሰው ልብ ያላለው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነው፡፡ ይህ አዋጅ የአስተዳደር ውሳኔ ከአድሎ ነፃ በሆነ አካል እንዲሰጥ፣ ውሳኔውም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅር የተሰኘ ሰውም አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ አቅርቦ ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል፡፡

በዓለም አቀፍ ደረጃም ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ያፀደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት አባል አገሮች የጥቅም ግጭትን የሚከላከል ሥርዓት እንዲዘረጉ ይጠይቃል፡፡ ከመንግሥት ሥራ የለቀቀ ሰው ቀድሞ ይቆጣጠረው በነበረው የግል ዘርፍ ውስጥ ወዲያው እንዳይቀጠር፣ እንደ አስፈላጊነቱ ለተወሰነ ጊዜ ገደብ መጣልንም ያነሳል፡፡ ትናንት የመሬት ፋይል ያገላብጥ የነበረ ባለሙያ ዛሬ በዚያው ቢሮ ደጃፍ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ሲቆም ለምናይ ሰዎች የዚህ ገደብ ትርጉም ግልጽ ነው፡፡

ሁለት ጫፎችና ባዶ መሐል

ሕጎቹን ደርድሮ ለሚያይ ሰው ጉድለቱ የቁጥር አይደለም፡፡ ሕጎቹ ይበልጥ የበረቱት በሁለት ጫፎች ላይ ነው፡፡ በአንደኛው ጫፍ በየሁለት ዓመቱ የሚሞላ የሀብት ቅጽ አለ፡፡ በሌላኛው ጫፍ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚመጣ የወንጀል ክስ አለ፡፡ በመሐል ያለው፣ ማለትም ውሳኔው በሚሰጥበት ዕለት “ይህ ጉዳይ እኔን ይመለከተኛል” ብሎ መነሳት፣ በዕለት ተዕለት አሠራር ውስጥ ገና ሥር አልሰደደም፡፡

የሀብት ምዝገባ በራሱ ይህን ክፍተት ሊሞላው አይችልም፡፡ አዋጁ ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ነው፡፡ ወንድም፣ እህት፣ አማችና አበልጅ በዚህ ውስጥ አይገቡም፡፡ በእኛ አገር ደግሞ በወንድም ወይም በእህት ስም ቤት መሥራት፣ ሱቅ መክፈትና መኪና መግዛት አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በሌላ በኩል ቅጹ የሚነግረን ሠራተኛው ምን እንዳለው እንጂ ዛሬ ጠዋት የማን ፋይል ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀረበ አይደለም፡፡ የግዥ ኮሚቴ አባሏ ሀብቷን በሐቀኝነት አስመዝግባ ሊሆን ይችላል፡፡ የባሏ ወንድም ሱቅ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም፡፡

የወንጀል ክስም ቢሆን የሚደርሰው ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ነው፡፡ የማይገባ ጥቅም መገኘቱን ወይም ለማግኘት መታሰቡን ማስረዳት ይጠይቃል፡፡ በመጀመሪያው ምሳሌ ያየነውን መሐንዲስ በሙስና ለመክሰስ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፡፡ “ፕላኑ ደረጃውን የጠበቀ ነው” ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፡፡ የጥቅም ግጭት ደንብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፡፡ የሰውየውን ልብ መመርመር አያስፈልግም፡፡ ፕላኑን የነደፈው ሰው ገምግሞታል ወይስ አልገመገመውም? የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፡፡

በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች እንዲቋቋሙ የሚያደርግ ደንብ በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፡፡ ደንቡ ግን ክፍሎቹን ተጠሪ ያደረጋቸው ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነበር፡፡ ጥቅሙ የተጋጨበት ራሱ የበላይ ኃላፊው በሚሆንበት ጊዜ የክፍሉ ሠራተኛ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡

በወረዳ ደረጃ ለምን ይከፋል?

በሚኒስቴር ደረጃ የሚወስን ሰው ብዙውን ጊዜ ባለጉዳዩን በአካል አያውቀውም፡፡ ወረዳ ላይ ግን ይተዋወቃሉ፡፡ በአንድ ዕድር ይቀበራሉ፣ በአንድ ዕቁብ ይጥላሉ፣ ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፡፡ በትንንሽ ከተሞችማ ያልተዛመደ የለም ማለት ይቻላል፡፡ “ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ” የሚለው አባባል የሚሠራው በሠርግና በለቅሶ ብቻ አይደለም፡፡ የንግድ ፈቃድ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የቀበሌ ቤትና የሥራ ዕድል በሚታደሉበት ጠረጴዛ ላይም ይሠራል፡፡ ሹመት ያገኘ ሰው ለወገኑ ካልጠቀመ “ሹም ሆኖ ረሳን” ይባላል፡፡ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው አባባልም ይህንኑ ግፊት ያሳያል፡፡

እርግጥ ነው፣ ዝምድናን ሁሉ እንደ ጥቅም ግጭት ብንቆጥር ወረዳው ሥራ መሥራት አይችልም፡፡ በመሆኑም ደንብ ሲወጣ መስመሩን በግልጽ ማስመር ያስፈልጋል፡፡ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና እስከ ስንተኛ ደረጃ? የንግድ ሽርክና፣ ብድርና ዋስትናስ? በአንድ ዕድር አባል መሆን ብቻውን ከጉዳይ ሊያስነሳ አይገባም፡፡ የዕድሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ለዕድሩ መሬት መፍቀድ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡

“በወረዳው ያለው መሐንዲስ አንድ ብቻ ቢሆንስ? እሱ ሲነሳ ፋይሉን ማን ያየዋል?” የሚል ጥያቄም ይነሳል፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ከወረዳ በላይ 11 ክፍለ ከተሞች አሉ፡፡ ፋይሉን ወደ ክፍለ ከተማ ወይም ወደ አጎራባች ወረዳ ባለሙያ ማዛወር ይቻላል፡፡ ጥቂት ቀናት ይዘገያል፡፡ ከዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር ጋር ሲነፃፀር ግን መዘግየቱ ቀላል ነው፡፡

ጉዳዩ ለከተማ ነዋሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሆነው ያስታውሰናል፡፡ ከ25 ሺሕ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በአዲስ አበባ ከወጣ በኋላ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ተካቶበታል ተብሎ ተሰርዟል፡፡ ለዓመታት ሲቆጥቡ ለኖሩ ሰዎች ትልቁ ጥያቄ መረጃውን የሚነኩት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ማንስ ይቆጣጠራቸዋል የሚለው ነበር፡፡

ሌሎች አገሮች እንዴት ያደርጉታል?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት በ1974 እ.ኤ.አ. መራጩ ሕዝብ ባፀደቀው ሕግ መሠረት የከተማ ምክር ቤት አባላትና በርካታ የአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች የገንዘብ ጥቅሞቻቸውን በየዓመቱ ያሳውቃሉ፡፡ ልዩነቱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፡፡ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል የገንዘብ ጥቅሙን የሚነካ አጀንዳ ሲቀርብ ጥቅሙን በይፋ ተናግሮ ከውይይቱ በፊት ከአዳራሹ መውጣት አለበት፡፡ ውልን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል፡፡ ባለሥልጣኑ የገንዘብ ጥቅም ያለበትን ውል መሥሪያ ቤቱ ከተዋዋለ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ቢሆንም እንኳ ውሉ ፈራሽ ሊሆን ይችላል፡፡ ስለሆነም ነጋዴው ራሱ ከእንዲህ ዓይነት ውል ይሸሻል፡፡

በእንግሊዝም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ አንድ የምክር ቤት አባል መግለጽ የሚገባውን የገንዘብ ጥቅም ያለ በቂ ምክንያት ሳይገልጽ ቢቀር ወይም ጥቅሙ ባለበት ጉዳይ ላይ ድምፅ ቢሰጥ በወንጀል ያስጠይቀዋል፡፡ በሁለቱም አገሮች ሙስና አልጠፋም፡፡ ነገር ግን ዝም ብሎ መፈረም ራሱ ጥፋት ሆኗል፡፡

እስከዚያው ምን ማድረግ ይቻላል?

ዝርዝር መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡ ጥቅሙን የሚነካ ጉዳይ የቀረበለት ሠራተኛ ለቅርብ አለቃው ሁለት መስመር ማስታወሻ ጽፎ ፋይሉን ማስረከብ፣ የኮሚቴ አባል ከሆነም መነሳቱ በቃለ ጉባዔ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላል፡፡ ከተነሳ በኋላ ግን በጎን ለባልደረባው “እባክህ ተባበረው” ማለት የለበትም፡፡ እንዲህ ካደረገ መነሳቱ ለይምሰል ብቻ ይሆናል፡፡ የማስታወሻውን ግልባጭ ማስቀመጥም ብልህነት ነው፡፡ ከዓመታት በኋላ ጥቆማ ቢቀርብበት ከዚያ የተሻለ መከላከያ አያገኝም፡፡

ባለጉዳይም ድርሻ አለው፡፡ ማመልከቻው ውድቅ ሲደረግበት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ፣ በውሳኔው የተሳተፈ ሰው በጉዳዩ ጥቅም ያለው ከመሰለውም ይህንኑ በአቤቱታው ላይ በግልጽ ማስፈር ይችላል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 668 መሠረት የተመዘገበ ሀብትን የሚመለከት መረጃ የቤተሰብ ሀብትን ሳይጨምር ለሕዝብ ክፍት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል፡፡

ከሁሉም በላይ በወረዳ ደረጃ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በኮሪደራቸው ከለጠፏቸው 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች አጠገብ አንድ መዝገብ ቢያስቀምጡ ይበጃል፡፡ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ጉዳይ እንደተነሳ የሚጻፍበት መዝገብ፡፡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ ሐቀኛው ሠራተኛም አጎቱ ወይም አበልጁ ፋይል ይዞ ሲመጣ ከዘመድ ሳይጣላ “ሕጉ አይፈቅድልኝም፣ ስሜ መዝገቡ ላይ ይጻፋል” ብሎ የሚመልስበት ምክንያት ያገኛል፡፡ ዛሬ ብዙ ሠራተኞች ይህን የሚሉበት መሠረት ስለሌላቸው ወይ ዘመዳቸውን ያስቀይማሉ ወይ ይፈርማሉ፡፡