ዋግ ድልድይ አይጠብቅም
የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ

ስንዴ በቢቸና ጥቁር መሬትም ሆነ በሞጣ ደጋ ከሚዘሩት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ሰብል ዋግ ከመታው፣ ለወራት የተደከመበት ማሳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገለባ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ዋግን አስቀድሞ ለማወቅ አገሮች በጋራ የዘረጉትን ሥራ፣ እንዲሁም የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ሥራ ያላቸውን ድርሻ እናብራራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው እንዴት ይዛመታል?

ዋግ በፈንገስ አማካይነት የሚመጣ በሽታ ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ያሳያል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ደጋ ይስማማዋል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይወዳል፤ በአገዳው ላይ ረዘም ያለ፣ ሲዳሰስ የሚሻክር ቀይ ቡናማ ቁስል ያወጣል። የቅጠል ዋግ በቅጠል ላይ የተበታተነ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ ነው። በእጅ ሲነካ የሚያቀልመው ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ነፋስ ይህን ዱቄት አንሥቶ ወንዝም ድንበርም ያሻግረዋል። ጤዛ ያረፈበት ስንዴ ላይ ሲወድቅ ይበቅላል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶም አዲስ ዱቄት መበተን ይጀምራል።

ለአንድ አገር ብቻውን የማይቻል ሥራ

በ1998 በኡጋንዳ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ታየ፤ በ1999 ምንነቱ ተለይቶ ዩጂ 99 ተባለ። በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 የመን መግባቱ ታወቀ። በብዙ አገሮች የሚዘራው ስንዴ ይመካበት የነበረውን የመቋቋም ባሕርይ ስላሸነፈ፣ የታወቁት የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ በ2005 ዓለምን አስጠነቀቁ። ከዚያ በኋላ ከብዙ አገሮች የመጡ ስንዴዎች በኬንያ በንጆሮ፣ የዱረም ስንዴዎች ደግሞ በአገራችን በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ለዋግ እየተጋለጡ ተፈተኑ።

ይሁን እንጂ የሚቋቋም ዝርያ ለዘለዓለም ዋስትና አይሆንም። በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ስንዴ ክፉኛ ጎዳ። ዲገሉ የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግንና ዩጂ 99ን ይቋቋም ስለነበር ብዙ ገበሬ ተቀበለው። በ2013 ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ በአንዳንድ ማሳዎች የዲገሉን ምርት ጨርሶ አጠፋው። ከዚህ የምንማረው ዝርያ ከማሻሻል ጋር የበሽታውን ጉዞ በየጊዜው መከታተል የግድ መሆኑን ነው።

ማስጠንቀቂያው እንዴት ይሠራል?

የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የአገራችን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ተቋም በጋራ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግተዋል። ማሳ የጎበኘ ሰው ያየውን በስልክ ይልካል። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የነፋሱን ስሌት ያቀርባል፤ ይህ ስሌት መጀመሪያ የተሠራው በ1986 በቸርኖቢል የኑክሌር አደጋ ከደረሰ በኋላ ጨረር ያለበት ብናኝ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነበር። ዛሬ የዋግን ዱቄት ጉዞ ለ7 ቀን አስቀድሞ ለመገመት ያገለግላል። ግምቱ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች ታይቶ ለግብርና ሠራተኞችና ለገበሬዎች እንዲደርስ ይደረጋል።

ሆኖም ስሌቱ የሚናገረው ዱቄቱ ወዴት ሊነፍስ እንደሚችልና አየሩ ለበሽታው ይስማማ እንደሆነ ብቻ ነው። በእገሌ ማሳ ዋግ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠል የገለበጠ ሰው ነው። የሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ከፈረሰ በኋላ መንገደኛ ዓባይን ይሻገር የነበረው በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች በሚይዙት ገመድ ነበር። ከወዲያ ያለው አጥብቆ ቢይዝ፣ ከወዲህ ያለው ከለቀቀ የሚሻገር አልነበረም። የዋግ ማስጠንቀቂያም እንደዚሁ ነው።

ከእኛ ወገን ምን ይጠበቃል?

1. ስንዴው ማገንደብ ከመጀመሩ አንሥቶ በየሳምንቱ ማሳ ይጎብኙ። ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሐል ገብተው ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ የታችኛውን ቅጠልና አገዳውን ይመልከቱ።

2. ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የስንዴውን ዝርያ፣ የዕድገት ደረጃውንና የዋጉን ዓይነት መዝግበው በቶሎ ያስተላልፉ። ዋግ ካልተገኘም «አልተገኘም» ብለው ይላኩ። ዝም ያለ ቀበሌ ጤነኛ ይሁን ያልታየ፣ ሩቅ ያለው ባለሙያ ሊለይ አይችልም።

3. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፀረ-ዋግ መድኃኒት፣ የሚሠራ መርጫና የመከላከያ ልብስ ክረምቱ ሳይገፋ ያዘጋጁ። መድኃኒት ለመግዛት ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስብሰባ ከተጠራ ዋጉ ይቀድማል። የላይኛው ቅጠል ከተሸፈነ በኋላ መርጨት ወጪ ማብዛት ነው።

4. የመድኃኒቱን መጠን በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ብቻ ይጠቀሙ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይርጩ።

5. ቀበሌው በሙሉ አንድ ዓይነት ስንዴ እንዳይዘራ ይምከሩ። ሳይዘራ በራሱ የበቀለ ስንዴ (ገቦ) ዋግን ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚያሸጋግር ከመዝራት በፊት ይጥፋ።

ካምብሪጅ ላይ የሚሠራው ስሌት የቢቸናን ማሳ የሚያውቀው እናንተ በምትልኩት ቁጥር ነው። የሚመለሰው ማስጠንቀቂያም እህል የሚያድነው በማኅበሩ መጋዘን መድኃኒቱ፣ በመርጫው ዘንድ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ሲገኝ ነው። ስለሆነም የዘንድሮው የጉብኝት መርሐ ግብርና የመድኃኒት ግዥ ከዘር ወቅት በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ተወስኖ እንዲያልቅ እናሳስባለን።