ኮረንቲ ለምን ይይዛል?

«ኮረንቲ ያዘው» ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ እውነት ነው። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ጡንቻችን የሚታዘዘው በነርቭ በሚመጣ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ የውጭው ሲገባበት ይኮማተራል። 10 ሚሊአምፔር ገደማ ሲደርስ እጅ ሽቦውን ጨብጦ አልለቅም ይላል። ወደ 30 ሲጠጋ መተንፈስ ያቅታል፤ ከ50 በላይ ሲሆን ልብ ምቱን ሊስት ይችላል። ባለ 100 ዋት አምፑል ሲበራ 450 ያህል ይወስዳል፤ እንግዲህ ሰው የሚገድለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት።

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከላከላል፤ እርጥብ ቆዳ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ በባዶ እግር ጭቃ ላይ ቆማችሁ የውሃ ፓምፕ ማብሪያ አትንኩ።

ከምሰሶ ሽቦ ወድቆ ብታዩ ከ10 ሜትር ይልቅ አትቅረቡ። መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ይዟል፤ እግርና እግር በተራራቀ መጠን በሰውነት የሚያልፈው ይበዛል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ ሰው በሚተርፍበት ስፍራ በሬ ይሞታል። የበሬን ዋጋ እኔም አውቃለሁ፤ ቢሆንም የወደቀውን በሬ ለማንሣት አትሩጡ። መስመሩ መዘጋቱን የመብራት ኃይል ሠራተኛ እስኪነግራችሁ ድረስ ከብትም ልጅም አርቁ።

በቤት ውስጥ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አትጎትቱ፤ አስቀድማችሁ ከቆጣሪው በኩል አጥፉ። ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መካከሉ ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሰው ላኩ። የልማት ሠራተኞች ይህን አጫጫን ከጤና ባለሙያ ጋር ሆነው ለመንደሩ በተግባር ያሳዩ።