ርካሽ መሬት ወይስ ሕጋዊ ጎጆ?

የአዲስ አበባ ቤት ዋጋ አልቀመስ ሲለን ብዙዎቻችን ዓይናችንን ወደ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ እንጥላለን። «የገበሬ ቦታ ነው፤ በርካሽ ይገኛል» የሚል ደላላም አይጠፋም።

ሆኖም በ1987 ዓ.ል. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ባለይዞታ አያደርገንም። በ2015 ዓ.ል. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሕገ ወጥ የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰው የብዙ ቤተሰብ ጥሪት መና ቀርቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ካርታው እውነተኛ መሆኑንና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት ጽሕፈት ቤት እናጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛልና፣ ውላችንን ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈጽም።

ሸሪዓችንም ሰው የራሱ ያልሆነውን እንዳይሸጥ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገርም ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አቅም ካነሰን፣ ካርታ ከሌለው ሰፊ ቦታ ይልቅ ራቅ ብላ የምትገኝ ካርታ ያላት ጠባብ ጎጆ ትሻለናለች። አላህ ሐላሉን ይወፍቀን።